ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ

በጅማ በአዌቱ ዳር ወይም በአጋሮ መንገድ ያደገ ተማሪ ስለ እንዶድ አስረዱኝ አይልም። ኦሮምኛው ሃንዶዴ የሚለው፣ እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም ያዩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ አይተው አለማለፋቸው ነው።

በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ሊመረምሩ ዐድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ሕያዋኑን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድታፈስባቸው ለመኑ፤ ሁሉም ሞቱ። እነሆ፣ ላቦራቶሪው ያ ዕቃ ነበር!

በ1966 በዩኒቨርሲቲያቸው በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 የዐድዋ ውሃ በእንዶድ ሲታከም፣ ከ100 ሕፃናት 50 ያህሉን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያለው ያስቈጫል። በኢትዮጵያ የተሠራው ምርመራ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይበቃም ተባለና ብዙ ዓመታት አለፉ። ገንዘቡም መሣሪያውም ያለው እዚያው፣ ቢልሃርዚያው ግን እዚህ! በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ሲያርፉ ገና በሥራ ላይ ነበሩ።