ከበሮውን ያልጣለው ቺኮ ሳየንስ

ቺኮ ሳየንስ በሚል ስም የታወቀው ፍራንሲስኮ ዴ አሲስ ፍራንሳ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በኦሊንዳ ከተማ ተወለደ። ወጣት ሳለ ልቡን የማረከው ከአሜሪካ የመጣው ራፕ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ዘር ያቆየውን የማራካቱ ከበሮ አልናቀም። ናሳዎ ዙምቢ ከተባለው ባንዱ ጋር ከበሮውን፣ ራፑንና ሮኩን አዋሕዶ በ1994 እና በ1996 ሁለት አልበሞች አወጣ። የንቅናቄያቸው ምልክት በሬሲፌ ከተማ ጭቃ ውስጥ የተተከለ የሳተላይት ሳህን ነበር፤ ይኸውም እግር ባገር አፈር፣ ጆሮ ከዓለም ድምፅ እንደ ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1997 በሬሲፌና በኦሊንዳ መካከል በመኪና አደጋ ሲሞት ገና የ30 ዓመት ሰው ነበር። ጓደኞቹ ግን ባንዱን ሳይበትኑ ሥራውን ቀጠሉ። እኛም ከዚህ አጭር ሕይወት የምንረዳው፣ የሌላውን ለመማር የራስን መጣል ግድ አለመሆኑን ነው።