ከመቆረጥ የዳነው እግር፦ የዶክተር ቻርልስ ዶተር ሕይወትና ሥራ

ጥር 7 ቀን 1956 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሪጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት በራጅ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ነበር። የግራ እግራቸው ደም አጥቶ መበስበስ ስለ ጀመረ ቀዶ ሐኪሞች እንዲቆረጥ ቢመክሩም ሴትዮዋ አሻፈረኝ ብለዋል። ጉዳዩን የተረከቡት የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር ናቸው።

ዶተር በ1912 ዓ.ም. በቦስተን ተወለዱ፤ ገና በ32 ዓመታቸው የኦሪጎን የሕክምና ትምህርት ቤት የራጅ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ዘመን የራጅ ሐኪም ተግባር የሕመሙን ሥፍራ አሳይቶ ቢላዋውን ለሌላ መተው ነበር። በ1955 ዓ.ም. ግን የአንድ ሕመምተኛ የደም ሥር በራጅ ለማንሣት ያስገቡት ቀጭን ቱቦ የተደፈነውን የዳሌ ደም ቅዳ ሳያስቡት ጥሶ አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ተራ አጋጣሚ ይተወው ነበር፤ ዶተር ግን የመመርመሪያው መሣሪያ ራሱ ማከሚያ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ።

በባልቴቷ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ በሽቦው ላይ አንዱ ከሌላው የሚወፍር ቱቦ እያከታተሉ በመግፋት የጠበበውን የጭን ደም ቅዳ አሰፉት። እግሩ ወዲያው ሞቀ፤ ቁስሉ ቀስ በቀስ ሻረ፤ ሴትዮዋም እስከ ዕለተ ሞታቸው በገዛ እግራቸው ሄዱ። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ዙሪያ ላለ ገበሬ እግር ማጣት ማለት በሬና ሞፈሩን ለሌላ ማስረከብ ነውና፣ የዚህ ሥራ ዋጋ ለእኛ አገር ሐኪም ሩቅ አይደለም።

የአገራቸው ቀዶ ሐኪሞች ግን ለዓመታት አልተቀበሏቸውም። ተቃውሞው ሁሉ ቅናት ነበር ማለት አይገባም፤ ቱቦዎቹ ሰፊ ቀዳዳ የሚተዉ፣ የተፈረፈረውንም ደለል ወደ ታች ሊሰዱ የሚችሉ ነበሩ። ዶተርም ቢሆኑ ትዕግሥት የጎደላቸው፣ ተራራ መውጣት የሚወዱ፣ የጊታር ክርና የመኪና ፍጥነት መለኪያ ገመድ ሳይቀር ለሽቦነት የሚሞክሩ ሰው ስለ ነበሩ እብዱ ቻርሊ የሚል ስም ወጣላቸው። ዘዴውን አጥብቀው የያዙት የአውሮፓ፣ ይልቁንም የጀርመን ሐኪሞች ነበሩ። አንድሪያስ ግሩንትዚግ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በዙሪክ የልብን ደም ቅዳ በፊኛ ሲያሰፉ የተከተሉት የዶተርን ፈለግ ነው።

ሥራው በእግር ብቻ አልተወሰነም። ዶተር ከቼኮዝሎቫኪያ ከመጡት ከዮሴፍ ሮሽ ጋር ሆነው፣ የሚደማን ጨጓራ ሆድ ሳይከፈት በቱቦ እስከ ሥሩ ደርሰው፣ በሕመምተኛው በራሱ የረጋ ደም እንደ ደፈኑት በ1964 ዓ.ም. አስታወቁ።

ከሆጅኪን ሕመም ጋር ለዓመታት ሲታገሉ ኖረው የካቲት 8 ቀን 1977 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተጠራው የፖርትላንድ ተቋም ከዚያ በኋላ ሲመሠረት የመጀመሪያው ኃላፊ ሮሽ ሆኑ።