የአውግስጢኖስ አስተዳደግ

አውግስጢኖስ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ354 ዓመት በሰሜን አፍሪካ ታጋስቴ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና አላመነም ነበር፤ እናቱ ሞኒካ ግን ክርስቲያን ነበረችና ከጡትዋ ወተት ጋር የክርስቶስን ስም አስለመደችው።

ካደገ በኋላ ለትምህርት ወደ ካርታጎ ሄደ። በ19 ዓመቱ የሮማዊውን የኪኬሮን መጽሐፍ አንብቦ እጅግ ወደደው፤ ነገር ግን ያ ስም ስለሌለበት ልቡ ፈጽሞ አላረፈም። ማኒ የሚባለው መምህር ተከታዮች ግን የክርስቶስን ስም ይጠሩ ነበርና ተታለለ፤ 9 ዓመት ያህልም ከእነርሱ ጋር ቈየ። እናቱ ስለ እርሱ ማልቀስዋንና መጸለይዋን አልተወችም።

በኋላም በኢጣልያ አገር በሚላኖ ሲያስተምር የጳጳሱን የአምብሮስዮስን አንደበት ሊያደንቅ ሄዶ ትምህርቱ ያዘው። ሞኒካም ባሕር ተሻግራ ተከትላው ነበር። በ387 ዓመት ተጠመቀ፤ እርስዋም ይህን አይታ በዚያው ዓመት ወደ አገርዋ ሳትመለስ አረፈች።