ፍሎረንስ ናይቲንጌልና ሠራተኛን የማሠልጠን ጥበብ

ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የሰማ ሰው ሁሉ የሚያስባት ፋኖስ ይዛ በሌሊት በቁስለኞች አልጋ መካከል ስትዘዋወር ነው። ነገር ግን ፋኖሱ ከሥራዋ ሁሉ ትንሹ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ቁስለኛን ማጽናናት ከእርስዋ በፊትም ብዙ ደጋግ ሰዎች የሠሩት ሥራ ነው። የእርስዋ ልዩ ሞያ፣ ደግ ልብ ብቻውን ሰው እንደማያድን ተረድታ፣ ሥራ የማያውቀውን ሰው ሥራ ዐዋቂ የሚያደርግ ሥርዓት ማቆሟ ነው። እኛም ታሪኳን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእኛ መካከል አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት ሌሎችን የሚያሠሩና የሚያሠለጥኑ ይሆናሉ፤ ሰው ሥራን እንዴት እንደሚለምድ ግን አስበንበት የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረንስ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ነው፤ ስሟም የወጣላት ከከተማይቱ ስም ነው። ወላጆቿ ባለጸጎች እንግሊዞች ነበሩ። አባቷ የተማረ ሰው ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ያልተለመደውን ትምህርት፣ ማለት ግሪክኛን፣ ላቲንን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን ራሱ አስተማራት። እርስዋ ደግሞ ቁጥርና ሒሳብ ትወድ ነበር። በ1837፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ እግዚአብሔር ለአንድ ሥራ እንደ ጠራት አመነች፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባት።

በ1845 በሳልዝበሪ ከተማ ሐኪም ቤት ገብታ ማስታመም ልማር ብላ ብትጠይቅ ወላጆቿ በድንጋጤ ከለከሏት። መከልከላቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ በሐኪም ቤት የምታስታምም ሴት ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያጣች ድኻ ነበረች፤ ስካርም የዚያ ሥራ የታወቀ ነውር ነበር። የሚያስተምራት ስላልነበረ፣ የምታውቀው ያለፈችው ባልደረባዋ ስትሠራ ያየችውን ብቻ ነበር፤ ስሕተቱም ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንደ ርስት ይተላለፍ ነበር። ፍሎረንስ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ቤተ ሰቡ ሳይነሣ በማለዳ እየተነሣች ስለ ሐኪም ቤቶችና ስለ ሕዝብ ጤና የወጡትን የመንግሥት ሪፖርቶች ታነብና ቁጥሮቹን በደብተር ትገለብጥ ነበር።

በ1851 በጀርመን አገር በራይን ወንዝ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ካይዘርስቬርት ሄዳ ሦስት ወር ያህል ተማረች። ይህን ቤት በ1836 ያቋቋመው ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ ቄስ ነበር። ሴቶቹ የሚማሩት በሽተኛ እያስታመሙ ነበር። ፍሎረንስ የቤቱን መንፈስ እጅግ አደነቀች፤ የማስታመሙ ዕውቀትና ንጽሕናው ግን ደካማ መሆኑን ሳትታዘብ አልቀረችም። ስለዚህ ከዚያ ቤት ሁለት ነገር ይዛ ተመለሰች ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ሥራ በሥራ ቦታ ላይ መማር እንዳለበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሥራ ቦታው ራሱ ትክክለኛውን አሠራር ካልያዘ ተማሪው የሚቀስመው ጉድለቱን መሆኑን ነው።

በ1853 በሎንዶን በሃርሊ ስትሪት ለሚገኝ አንድ አነስተኛ የሴት ሕሙማን ቤት አስተዳዳሪ ሆነች። እንደ ገባች ሠራተኞቹን ከመገሠጽ አልጀመረችም። ሙቅ ውኃ በቧንቧ ወደ ፎቅ ሁሉ እንዲወጣ፣ ምግብ በገመድ የሚሳብ ማውጫ እንዲሠራለት፣ በሽተኛውም የሚጠራበት ደወል እንዲኖረው አደረገች። አስታማሚዋ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከዋለች፣ ትምህርት ቢሰጣትም ባይሰጣትም በሽተኛውን የምታይበት ጊዜና ጉልበት የላትም። ከአሠሪዎች መካከል ይህን ነገር የሚያስተውሉት ዛሬም ጥቂቶች ናቸው።

ከዚያም የክሪሚያ ጦርነት መጣ። በ1854 የእንግሊዝ ጋዜጦች ቁስለኞች ያለ አስታማሚ በየመሬቱ እንደ ወደቁ ሲጽፉ ሕዝቡ ተቈጣ። የጦር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ፍሎረንስን ስለ ጠየቃት፣ 38 አስታማሚዎች ይዛ በኖቬምበር 4 ቀን 1854 በኢስታንቡል አንጻር ወደምትገኘው ወደ ስኩታሪ ደረሰች። ከሴቶቹ ገሚሶቹ መነኮሳት ሲሆኑ የቀሩት በሐኪም ቤት ተቀጥረው ያገለገሉ ነበሩ። ጸሎትና ርኅራኄ እንጂ የማስታመም ልምድ የሌላቸው ነበሩባቸው፤ በመጠጥ ምክንያት የተመለሱም አልጠፉም። ሐኪሞቹም መጀመሪያ ሊቀበሏቸው አልፈለጉም። ፍሎረንስ ሐኪሞቹ ካልጠየቁ በቀር ማንም ወደ ሕሙማን ክፍል እንዳይገባ አዝዛ፣ እስኪጠሩ ድረስ ሴቶቹን ፋሻና ልብስ በማዘጋጀት ላይ አዋለቻቸው። ቤት ተከራይታ ማጠቢያ ከፈተች፤ የወታደር ሚስቶችንም ለአጠባው ቀጠረች።

በ1855 አሌክሲስ ሷዬ የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ የወጥ ቤት ባለሞያ ወደዚያው መጣ። እስከዚያ ድረስ ወታደሮቹ ምግብ የሚያበስሉት በተራ ስለ ነበረ፣ አንዱ ጥቂት ሲለምድ ተራው አልቆ ሌላ ያልለመደ ይተካ ነበር። ሷዬ ቋሚ ወጥ ሠሪዎች እንዲመደቡ አድርጎ እነርሱኑ አሠለጠናቸው። ሰው አሠልጥኖ ወዲያው ከሥራው ማንሣት ሥልጠናውን በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድካም ሞትን አላቆመውም። በዚያ ክረምት በስኩታሪ ከ4000 በላይ ወታደሮች ሞቱ። በፌብሩዋሪ ወር 1855 ከታከሙት ከመቶው 42 ያህሉ ያልቁ ነበር። ሞቱ የቀነሰው ከማርች ወር ጀምሮ ከእንግሊዝ አገር የተላኩ የጤና አጥኚዎች መጥተው ከሕንፃው በታች የነበረውን የቆሻሻ ቦይ ካስጠረጉ፣ ውኃውን ካጸዱና ነፋስ የሚገባበትን ካስከፈቱ በኋላ ነው። በጁን ወር ሟቾቹ ከመቶው ወደ 2 ወረዱ።

ከታሪኳ ሁሉ ይበልጥ የምናከብርላት ቀጥሎ ያደረገችውን ነው። በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ ሕዝቡ እንደ ቅድስት ይመለከታት ነበር፤ ምስጋናውን ተቀብላ መቀመጥ ትችል ነበር። እርስዋ ግን ከስታቲስቲክስ ዐዋቂው ከዊልያም ፋር ጋራ ተቀምጣ የሟቾቹን ቁጥር መረመረች። ከ16000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች የሞቱት በጥይት ሳይሆን በበሽታ እንደ ነበረ፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ንጽሕና ቢጠበቅ ኖሮ ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበረ ተረዳች። ይህንንም ሹማምንቱ በዐይናቸው እንዲያዩት በ1858 ዝነኛውን ባለ ቀለም ክብ ሥዕላዊ መግለጫ አሳተመች። በዚያው ዓመት የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። የሥራን ውጤት በሠራተኛው ትጋት ሳይሆን በመጨረሻው ፍሬ መመዘን ማለት ይህ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ለክብሯ ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ከ44000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ነበር። በዚህ ገንዘብ በ1860 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች 15 ብቻ ነበሩ። አንድ ዓመት ይማራሉ፤ መኝታ፣ ምግብና የደንብ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ ለኪስም በዓመት 10 ፓውንድ ያገኛሉ። የበላያቸው የሐኪም ቤቱ ሜትሮን ሚስስ ዋርድሮፐር ነበረች።

የዚህን ትምህርት ቤት አሠራር ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብንመለከተው አይከፋም። አንደኛ፣ ሠልጣኝዋ ማወቅ ያለባት ነገር በአጠቃላይ ቃል ሳይሆን በየሥራው ተዘርዝሮ ተጽፎ ነበር። ቁስልን ማጠብና ማሰር፣ አልቅት ማስያዝ፣ በሽተኛው ሳይነሣ አንሶላ መለወጥ፣ ለበሽተኛ የሚሆን ምግብ ማዘጋጀት፣ ክፍሉን ሌሊትና ቀን ማናፈስ፣ የልብ ትርታንና የምግብ ፍላጎትን እያስተዋሉ ለሐኪሙ በትክክል መንገር፣ ይህ ሁሉ በየተራው ይገኝበታል። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በሕሙማን ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የምታስተምረውም የክፍሉ አለቃ ናት፤ ለማስተማሯም ከዚያው ገንዘብ ተጨማሪ ይከፈላት ነበር። ሦስተኛ፣ የሐኪሞች ትምህርት በየጊዜው ይሰጥ ነበር፤ ሠልጣኞቹም ያዩትን በደብተር ይጽፉ ነበር። አራተኛ፣ ሜትሮንዋ በየወሩ ስለ እያንዳንዷ ሠልጣኝ መዝገብ ትሞላለች። በመዝገቡ ላይ ሰዓት ማክበሯ፣ ታማኝነቷና ንጽሕናዋ በአንድ በኩል፣ የእጅ ሥራዋ ደግሞ በሌላ በኩል በደረጃ ይሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ በድንገት ወደቅሽ ከማለት ይልቅ፣ ጉድለቷ በወሩ ይታወቃል ማለት ነው።

ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ታሪክ በሙሉ የድል ታሪክ ነው ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ፍሎረንስ ከ1857 ጀምሮ በበሽታ ብዙ ጊዜ ከአልጋዋ የማትነሣ ስለ ነበረችና በጦር ሠራዊትና በህንድ አገር የጤና ጉዳይ ስለ ተጠመደች፣ ለአሥር ዓመት ያህል ትምህርት ቤቱን በቅርብ አልተመለከተችውም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ስትመረምር ያገኘችው አሳዘናት። ትምህርት መስጠት የነበረበት ሐኪም ማስተማሩን ትቶታል፤ ሠልጣኞቹም ከመማር ይልቅ የሰው ጕድለት መሙያ ርካሽ ጉልበት ሆነዋል። መዝገቡ አለ፤ ደንቡም በወረቀት ላይ አለ፤ ትምህርቱ ግን የለም።

እርስዋም ስሟ እንዳይነካ ብላ አልሸፈነችውም። አስተማሪው በሌላ ሐኪም ተተካ፤ ትምህርቱም በሥርዓት ተደልድሎ ይሰጥ ጀመር። የሠልጣኞቹን ጥናት በየቀኑ የምትከታተል አንዲት ሴት በመኖሪያ ቤታቸው ተመደበች። ፍሎረንስ ደግሞ ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ ወደ ቤቷ እያስጠራች ምን እንደ ተማሩና ምን እንደ ቀረባቸው ትጠይቅ ነበር። ከ1872 ጀምሮም በየጊዜው የምክር ደብዳቤ ትጽፍላቸው ነበር። አንድ ማሠልጠኛ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ አለቃውን ከመጠየቅ ተማሪውን መጠየቅ እንደሚሻል ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ ቤት የወጡት ሴቶች ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ በየአገሩ ተላኩ። በ1865 አግነስ ጆንስ 12 ነርሶች ይዛ ወደ ሊቨርፑል የድኾች ሐኪም ቤት ገባች፤ በ1868 ከሕሙማኑ በያዛት ታይፈስ ሞተች። በዚያው በ1868 ሉሲ ኦስበርን ከአምስት ነርሶች ጋራ ሲድኒ ደረሰች። በ1873 በኒውዮርክ በቤልቪው ሐኪም ቤት ይህንኑ ምሳሌ የተከተለ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በአንድ ነገር ግን ከፍሎረንስ ጋራ አንስማማም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ነርሶች በፈተናና በመዝገብ በሕግ ይታወቁ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ጠባይን ፈተና ሊመዝነው አይችልም ብላ አጥብቃ ተቃወመች። የሥጋትዋ ምክንያት ይገባናል፤ ወረቀት ሥራን አይተካም። ነገር ግን በሽተኛው ከፊቱ የቆመችው ሴት የሠለጠነች ትሁን ያልሠለጠነች የሚያውቅበት መንገድ ያስፈልገዋል። ሕጉም እርስዋ ከሞተች በኋላ በ1919 በእንግሊዝ አገር ወጣ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1907 ኦርደር ኦፍ ሜሪት የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ከሴቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ በሎንዶን ዐረፈች። በዌስትሚንስተር በታላላቅ ሰዎች መካከል ትቀበር የሚለውን ቤተ ሰቧ ሳይቀበለው ቀርቶ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተቀበረች። የልደቷ ቀን፣ በእኛ ግንቦት 4፣ በመላው ዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ይህ ተረት የሚነገረው ሁልጊዜ ለተማሪው ነው፤ የፍሎረንስ ሕይወት ግን ለአስተማሪውና ለአሠሪውም እንደሚነገር ያሳየናል። ዛሬ ለተግባር ልምምድ ወደ ሥራ ቦታ የሚላክ ተማሪ፣ አንዳንዱ ጥግ ይዞ ሲመለከት ይውላል፤ አንዳንዱም ወረቀት ተሸካሚ ሆኖ ጊዜው ያልቃል። በመጨረሻው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ነገ በእርሱ እጅ የሚወድቀው በሽተኛ፣ በሠራው ድልድይ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ፣ ዕዳውን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለልምምድ ስንላክ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የምንማረው ሥራ ተዘርዝሯል ወይ? የሚያስተምረን ሰው ተመድቦ ለማስተማሪያው ጊዜ ተሰጥቶታል ወይ? ጉድለታችንስ ሳይረፍድ ይነገረናል ወይ? የእኛም ተራ ደርሶ አሠሪዎች ስንሆን፣ ከበታቻችን የሚሠራው ሰው ሲሳሳት ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት ሥራውን ማን እንዳሳየው፣ የሥራ ቦታውም ለሥራ የሚመች እንደ ሆነ አስቀድመን እንመርምር። በስኩታሪ የሞቱትን ወታደሮች የገደላቸው የአስታማሚዎቹ ስንፍና ሳይሆን ማንም ያላየው የቆሻሻ ቦይ ነበርና።