አስተርጓሚ ያላስፈለገው ተዋናይ፤ የቻርሊ ቻፕሊን የሕይወት ታሪክ

በሐርጌሳ ከተማ መካከል ባለው አደባባይ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን በከፍተኛ መሠረት ላይ ተተክሎ ይታያል። መታሰቢያነቱም የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ከተማይቱን በአውሮፕላን ደብድቦ ላፈረሰበት ዘመን ነው። ሐርጌሳ የአምባገነን ክንድ ሲያርፍባት ያ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በኦገስት 1940 የሙሶሊኒ ጦር በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የነበረውን የሶማሌ ምድር ወርሮ ከተማይቱን ይዟት ነበር። በዚያው ወር በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ ሆሊውድ፣ አንድ እንግሊዛዊ የሲኒማ ተዋናይ ሂትለርንና ሙሶሊኒን መሳቂያ ያደረገበትን ፊልም ለሕዝብ ለማሳየት ይሰናዳ ነበር። ይህ ሰው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ዓለምን ሁሉ ያሳቀው አንዲት ቃል ሳይናገር ነበር። ምን እንዳናገረውና በመናገሩም ምን እንደ ደረሰበት ለመረዳት ታሪኩን ከልጅነቱ መጀመር ይገባል።

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን በአፕሪል 16 ቀን 1889 በሎንዶን ተወለደ፤ ከሂትለር የሚበልጠው በአራት ቀን ብቻ ነው። አባቱም እናቱም በትያትር አዳራሽ የሚዘፍኑ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ቤተ ሰቡን ትቶ ለመጠጥ ስለ ተገዛ፣ ሐና የተባለችው እናቱ ቻርሊንና በአራት ዓመት የሚበልጠውን የእናቱን ልጅ ሲድኒን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ቻርሊ በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ በአልደርሾት ከተማ ወታደሮች በሞሉበት አዳራሽ ስትዘፍን ድምፅዋ በድንገት ተዘጋ። ተመልካቹ ሲጮኽና ሲያፌዝባት የአዳራሹ ኃላፊ ሕፃኑን እጁን ይዞ በእርስዋ ምትክ ወደ መድረክ አወጣው። ልጁም ዘፈነ። ገንዘብ ሲወረውሩለት ጊዜ ዘፈኑን አቋርጦ፣ አስቀድሞ ገንዘቡን እንደሚለቅም፣ ከዚያም እንደሚቀጥል ቢያስታውቃቸው አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የእናቱ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ድኽነት በረታባቸው። በ1896 ቻርሊ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሦስቱም በላምበት ወደሚገኘው የድኾች መጠለያ ገቡ፤ ልጆቹም ከእናታቸው ተለይተው ሐንዌል ወደሚባለው የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። አባታቸው በ1901 ሞተ። እናታቸው አእምሮዋ ታውኮ በየጊዜው ወደ ሕሙማን ቤት ትገባ ጀመር። ልጁ ከእንጨት ጫማ ጨፋሪዎች ጋር ጨፈረ፤ በትያትር ቤትም የትንንሽ ልጆችን ቦታ እየያዘ ተጫወተ። በ1908 የፍሬድ ካርኖ የአስቂኝ ትያትር ጓድ ተቀበለው። በዚህም ጓድ ዘንድ ያለ ንግግር፣ በእጅና በእግር፣ በዓይንና በትከሻ ብቻ ታሪክ መናገርን ተማረ። በ1910 ከጓዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

በ1913 መጨረሻ ኪስቶን የተባለው የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በፌብሩዋሪ 1914 ያ ዓለም የሚያውቀው ከርታታ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ታየ። ኮቱ ጠባብ፣ ሱሪው ሰፊ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ ነው፤ ቀጭን ከዘራ ይዟል፣ አጭር ሪዝም አለው። ልብሱ የለማኝ፣ ጠባዩ ግን የጨዋ ሰው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደመወዙ በዓመት 670,000 ዶላር ደረሰ። በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከግሪፊዝ ጋር የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ።

በፊልሞቹ ውስጥ ሳቁና ኀዘኑ አይለያዩም። በ1921 በወጣው «ልጁ» በተባለው ፊልም ሹማምንት መጥተው ያሳደገውን ሕፃን ከእቅፉ ሲነጥቁት የምናየው ሰው፣ የሐንዌልን ደጅ ያየ ሰው ነው። በ1925 «የወርቅ ጥድፊያ» በተባለው ፊልም በረሃብ ጊዜ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት እየጋጠ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ እየጠቀለለ በክብር ሲበላ ሕዝቡ ይስቃል፤ ረሃብን የሚያውቅ ሰው ግን ከሳቁ በስተኋላ ያለውን ያስተውላል። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ ማወቅ አያሻም። አንድ ፊት፣ አንድ ጫማ፣ አንድ ከዘራ ካለ በየትም አገር ያለ ሰው ይረዳዋል።

በ1927 ተናጋሪው ፊልም ሲመጣ ሌሎች ሁሉ ሲናገሩ እርሱ ዝምታውን ጠበቀ። ከርታታው እንግሊዝኛ የተናገረ እንደ ሆነ ቋንቋውን ለማይሰማው ሕዝብ እንግዳ እንደሚሆንበት ያውቅ ነበርና። በ1931 «የከተማ መብራቶች» የተባለውን ከሙዚቃ በቀር ያለ ንግግር ሠራ። በ1936 «ዘመናዊ ጊዜያት» በተባለው ፊልም የከርታታው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ነገር ግን የዘፈነው በየትኛውም መዝገበ ቃላት የማይገኝ፣ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ የሚመስል ትርጉም የሌለው ዘፈን ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በጁን 30 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ቆመው ስለ አገራቸው በአማርኛ ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ያፏጩባቸው ነበር። ቃል የሚገባው ሰው ከቃሉ ሊሸሽ የማይችልበት ዘመን ደርሶ ነበር።

በኦክቶበር 1940 በኒውዮርክ የታየው «ታላቁ አምባገነን» የቻፕሊን የመጀመሪያ ተናጋሪ ፊልም ነው። እርሱ ራሱ አይሁዳዊውን ፀጉር አስተካካይና እርሱን የሚመስለውን አምባገነን ሆኖ ተጫወተ፤ ጃክ ኦኪ የተባለው ተዋናይም ደረቱን የነፋውን ሙሶሊኒን አስመስሎ ቀረበ። በዚህ ፊልም ውስጥ ለመርሳት የማይቻል አንድ አስተርጓሚ አለ። አምባገነኑ በትርጉም የለሽ ቋንቋ እያገሣ በሕዝቡ ላይ መርዙን ይተፋል፤ አስተርጓሚው ግን ያን ሁሉ በጥቂት ለስላሳ ቃላት አሳጥሮ ያልፈዋል። ቻፕሊን ያላገጠው በጨካኞች ብቻ ሳይሆን ጭካኔያቸውን በጨዋ ቃል በሚያለብሱትም ላይ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ በአምባገነኑ ስፍራ ተሳስተው ሲያቆሙት፣ ወታደሮች ለጨካኞች እንዳይገዙ፣ ሰውን ለማቀራረብ የተገኘው አውሮፕላንም ለጥላቻ እንዳይውል ይማጠናል።

ሙሶሊኒ በሥልጣን ሳለ ይህ ፊልም በኢጣልያ አልታየም። ሳቅ ብቻውን ግን ከተማ ነፃ አያወጣም፤ ሐርጌሳ በማርች 1941፣ አሥመራ በአፕሪል 1 ቀን፣ አዲስ አበባም በኋላ ነፃ የወጡት በወታደርና በአርበኛ ደም ነው። ቻፕሊንም የሂትለርን የእልቂት ሰፈሮች ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል በኋላ አምኗል።

መናገር ከጀመረ በኋላ ነገሩ ከበደበት። በ1942 ለሩስያ እርዳታ እንዲደረግ በአደባባይ ስለ ተናገረ ኮሙኒስት ነው ተባለ። ዕድሜያቸው እጅግ ከሚያንስ ልጃገረዶች ጋር ያደረጋቸው ጋብቻዎችና የፍርድ ቤት ሙግቶቹም ለጠላቶቹ መሣሪያ ሆኑ፤ በዚህ ረገድ ከነቀፋ ነፃ ነው ሊባል አይቻልም። በሴፕቴምበር 1952 ከባለቤቱ ከኡናና ከልጆቹ ጋር በመርከብ ወደ ሎንዶን ሲጓዝ፣ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን እንደ ሰረዘበት በባሕር ላይ ሳለ ሰማ። አርባ ዓመት ያህል ኖሮ የአሜሪካን ዜግነት አልወሰደም ነበር። በስዊስ አገር በቬቬ ከተማ አጠገብ፣ ጄኔቭም ባለችበት ሐይቅ ዳር ቤት ገዝቶ ተቀመጠ።

በ1972 አሜሪካ የክብር ሽልማት ልትሰጠው ጠራችው፤ ተመልካቹም ተነሥቶ ለብዙ ደቂቃ ሲያጨበጭብለት ሽማግሌው ቃል አጥሮት ቆመ። በ1975 የእንግሊዝ ንግሥት የሰርነት ማዕርግ ሰጠችው። በዲሴምበር 25 ቀን 1977፣ ፈረንጆች የገናን በዓል በሚያከብሩበት ሌሊት፣ በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ለማየት የሐርጌሳም የአሥመራም ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ያለ ማንም እርዳታ ይስቃል። የፀጉር አስተካካዩ ልመና ግን በእንግሊዝኛ የተነገረ ነውና መተርጐም ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ የሚይዝ ሰው የዚያን የፊልሙን አስተርጓሚ ምሳሌ እንዳይከተል ይጠንቀቅ። ቻፕሊን ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለበትን ቃል ማለስለስ አይገባም፤ በሐርጌሳ አደባባይ የቆመው አውሮፕላን ምስክር ነው።