የሥራ ደስታ፤ ከሉዊ ብሬል የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ በሥራው ደስ ሊለው ይሻል። ብዙዎቻችን ግን ይህን ደስታ በሹመት ከፍታ፥ በደመወዝ ብዛትና በሰው ምስጋና ስንፈልገው ዘመናችን ያልቃል። ሌሎቻችንም የደረሰብንን ጉድለት እያሰብን፥ ለምን ሥራ እንበጃለን በማለት እንተክዛለን። ስለዚህ የአንድ ዕውር መምህር ሕይወት ምን እንደሚያስተምረን ዛሬ እንመለከታለን። ዘመኖቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሉዊ ብሬል በ1809 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሀገር፥ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚሠራ የቆዳ ባለሙያ ነበር። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወደ አባቱ መሥሪያ ገብቶ፥ ቆዳ የሚበሳበትን ስለታም መሣሪያ አንሥቶ አባቱ ሲሠራ እንዳየው ሊሠራ ሞከረ። ብረቱም አዳልጦት አንድ ዐይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሁለተኛው ዐይን ተላለፈና፥ በአምስት ዓመቱ ብርሃን ፈጽሞ ተለየው።

በዚያ ዘመን የብዙ ድኻ ዕውራን ዕጣ ልመና ነበር። ነገር ግን ዣክ ፓሉዊ የተባለው የመንደሩ ቄስ ልጁን ወደ እርሱ አቅርቦ በድምፅና በመዳሰስ ያስተምረው ጀመር። የመንደሩ መምህርም ከሚያዩት ልጆች ጋር አስቀመጠው። በ1819 ዓ.ም. ሉዊ ዐሥር ዓመት ሲሆነው በፓሪስ ወደሚገኘው የዕውራን ትምህርት ቤት ተላከ። የአንዲት መንደር ካህን ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከዚያች ትንሽ ደግነት ምን እንደ በቀለ ወደ ፊት እናያለን።

በትምህርት ቤቱ የነበሩት መጻሕፍት ፊደላቸው በወረቀት ላይ ጎላ ብሎ የታተመ ስለ ነበር እጅግ ትልልቅና ከባድ፥ ቍጥራቸውም ጥቂት ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ዙሪያውን እየዳሰሰ በብዙ ድካም ያነባል፤ በዚያ መንገድ ግን ራሱ ሊጽፍ አይችልም። በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ነጥቦቹ እስከ ዐሥራ ሁለት ስለሚደርሱ በአንድ ጣት በአንድ ጊዜ አይያዙም፤ የቃላትንም ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳዩም ነበር።

ሉዊ ይህን አይቶ ዝም አላለም። ጓደኞቹ ሲተኙ ሌሊት፥ በዕረፍትም ጊዜ በወላጆቹ ቤት፥ ወረቀት እየበሳ ነጥቦችን ያቀናብር ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው በ1824 ዓ.ም. ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። እነዚህም በአንድ ጣት ጫፍ ሥር የሚገቡ ሲሆኑ፥ አቀማመጣቸውን በመለዋወጥ ስድሳ ሦስት ምልክት ይሆናሉ። ዐይኑን ያጠፋበትን መሣሪያ በመሰለ ሹል ብረት ለዕውራን ፊደል አበጀላቸው። በ1829 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍም ቃላትን፥ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በነጥብ መጻፍን ያስተምር ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስም በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር። ደመወዙ ጥቂት ነበር፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለም የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በ1840 ዓ.ም. የተሾመው አዲስ የበላይ አስተዳዳሪ ደግሞ በነጥብ መጻፍን ከለከለ። የሕይወቱ ሥራ በገዛ ቤቱ ሲናቅ ማየት ለእርሱ ምን ያህል መራራ እንደ ነበር እናስተውል። እርሱ ግን ማስተማሩን አላቋረጠም። ተማሪዎቹም ጥቅሙን በጣታቸው ያወቁ ስለ ነበሩ፥ በስውር በነጥብ መጻፋቸውን አልተዉም። በ1844 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ የአጻጻፉ ጥቅም በሕዝብ ፊት ታየ፤ ክልከላውም ቀረ።

ሉዊ ብሬል አርባ ሦስት ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፥ በ1852 ዓ.ም. ዐረፈ። ፊደሉ በፈረንሳይ የዕውራን ትምህርት ቤት በይፋ የጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ዐፅሙ የሀገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ሲወሰድ፥ እጆቹ ግን በተወለደባት መንደር ቀሩ። በሀገራችን ብዙ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ቅኔውንና ዜማውን በጆሮ ሰምተው በልብ ይዘው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በኋላ ደግሞ የእኛው ፊደል በነጥብ ተጽፎ፥ በሰበታ የዕውራን ትምህርት ቤትና በሌላም ስፍራ የተማሩ ሁሉ በጣታቸው ለማንበብ በቅተዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ሹመትንና ሀብትን አላገኘም፤ የመጨረሻውንም ክብር በዐይነ ሥጋ አላየም። ነገር ግን ሥራውን አገኘ። ያገኘውም ከሩቅ ሀገር ፈልጎ አይደለም፤ እርሱን የቸገረው ነገር ባልንጀራውንም እንደሚቸግረው ዐውቆ፥ በእጁ ባለው ችሎታ መፍትሔውን ስለ ፈለገ ነው። እኛም፥ በመቅደስ የምናገለግል ብንሆን በመሥሪያ ቤት፥ በእርሻ ብንሆን በንግድ፥ ይህ ሥራ ምን ይሰጠኛል ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ በእኔ እጅ የማን ችግር ይቃለላል ብለንም እንጠይቅ። የዚህን መልስ ያገኘ ሰው ደመወዙ ቢያንስ፥ ምስጋናውም ቢዘገይ፥ መክሊቱን አልቀበረምና ልቡ ያርፋል።