ራምሞሐን ሮይና የአባቱ ርስት

ብዙዎቻችን ራምሞሐን ሮይን የምናውቀው ባሏ የሞተባትን ሴት ከነነፍሷ ከሬሳው ጋር የማቃጠልን ልማድ የተዋጋ ሕንዳዊ አድርገን ነው። እኔም ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። የውርስ ሕግ ስንማር ግን በተከሳሽነት አገኘሁት።

ራምሞሐን እ.ኤ.አ. በ1772 ቤንጋል ውስጥ ራድሃናጋር በተባለች መንደር ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዘመኑ የሂንዱ ቤተሰብ ርስቱን ሳይከፋፈል ከአንድ ማጀት እየበላ አብሮ ይኖር ነበር። አባቱ ራምካንታ ግን በ1796 ገና በሕይወት ሳለ ንብረቱን ለሦስት ወንዶች ልጆቹ በጽሑፍ አከፋፈለ። ለራምሞሐን ካልካታ ጆራሳንኮ ያለ ቤት ደረሰው። ቤንጋል የሚሠራበት ዳያባጋ የተባለው ሕግ ለአባት ሥልጣን ይሰጣል፤ አባት እስኪሞት ልጅ መብት የለውም። በሌላው የሕንድ ክፍል ባብዛኛው የሚሠራበት ሚታክሻራ ግን ወንድ ልጅ ገና ሲወለድ የአያት ርስት ባለድርሻ ነው ይላል።

ከክፍፍሉ በኋላ አባትየውም ታላቅ ወንድሙ ጃግሞሐንም በዕዳ ታሰሩ። ራምሞሐን ለወንድሙ 1,000 ሩፒ አበደረው፤ ያውም በወለድ! መጀመሪያ ሳነበው አዝኜበት ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ሀብታቸው መለያየቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

አባቱ በ1803 ሞተ፤ ከዓመታት በኋላም ጃግሞሐን ተከተለ። ራምሞሐን በእንግሊዝ ኩባንያ ሹማምንት ዘንድ እየሠራ፣ ገንዘብም እያበደረ መሬት ገዛ። በጣዖት አምልኮ ላይ መጻፍ ሲጀምር ከእናቱ ከታሪኒ ዴቪ ጋር ተቃቃረ። በ1817 የጃግሞሐን ልጅ ጎቪንዳፕራሳድ በካልካታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ቤተሰባችን አልተከፋፈለም፣ አጎቴ የገዛው ሁሉ የወል ሀብት ስለሆነ ድርሻዬን ይስጠኝ ነው ነገሩ። ከጀርባው አያትየዋ እንዳለችበት ራምሞሐን ይጠረጥር ነበር። ሕጉ ከመነሻው ቤተሰብ እንዳልተከፋፈለ ይገምታል፤ ተከፋፍለናል ባዩ ነው የሚያስረዳው። የ1796ቱ ወረቀት እዚህ ላይ ጠቀመው፤ በ1819 ክሱ ውድቅ ሆነ። የኔ አያት ሲሞቱ አንዲት ወረቀት እንኳ ስላልተዉ አባቴና ወንድሞቹ ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። እዚህ ቦታ ስደርስ እሱን ነው ያስታወሰኝ።

እናቱ ፑሪ ወዳለው ቤተ መቅደስ ሄዳ በ1822 እዚያው ሞተች። ራምሞሐን በዚያው ዓመት ስለ ሴቶች ጥንታዊ የውርስ መብት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። የጥንት ሕግ አውጪዎች ልጆች ርስት ሲካፈሉ ለእናትም እኩል ድርሻ ደንግገው ነበር፣ የኋላ ተርጓሚዎች ናቸው ያጠበቡት ይላል። ልጆቹ ካልተካፈሉ ወይም ልጁ አንድ ብቻ ከሆነ እናት ምንም አይደርሳትም፤ እንጀራዋ በልጇና በምራቷ እጅ ነው። ሴቶች እሳቱን የሚመርጡት በከፊል ለዚህ ነው ብሎም ተከራከረ። ይህን ሲጽፍ የገዛ እናቱን አስቦ ይሆን? እኔ ሳያስባት አልቀረም ባይ ነኝ።

ማቃጠሉ በ1829 በአዋጅ ተከለከለ። በ1830 ደግሞ የቤንጋል አባት በአያት ርስት ላይ እንደፈቀደ የማዘዝ ሥልጣኑ እንዳይነካ ሌላ ጽሑፍ አወጣ። እዚህ ላይ አልስማማበትም፤ አባት ሁሉን ሸጦ ቢጨርስ እናትና ልጆች ምን ሊበሉ ነው? በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘና በ1833 ብሪስቶል ከተማ አረፈ።

ኑዛዜ ሳይተው የሞተን ሂንዱ እናቱ፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ከወንዱ ልጅ እኩል እንዲወርሱት ሕግ የወጣው በ1956 ነው።